ከሳጥኑ ይልቅ ቦርዱን ጠይቁ

ስድስት ኪሎ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ተማሪው፣ መምህሩ፣ የጽሕፈት ቤት ባለቤቱ ያረጀ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ይመጣና ሰላምታውን ሳይጨርስ «ራም ጨምርልኝ» ይለኛል። «ምን ዓይነት ኮምፒውተር ነው?» ስለው መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ዴል ነው» ወይም «ኤችፒ ነው»። ትንሽ የሚያውቀው ደግሞ «ኮር አይ5 እኮ ነው!» ብሎ ያክልበታል። ሁሉም እውነታቸውን ነው። ግን የትኛውን ራም ከመሳቢያዬ ማውጣት እንዳለብኝ ከነዚህ መልሶች አንዱም አይነግረኝም።

ዴልና ኤችፒ ኮምፒውተሩን ገጣጥመው ስማቸውን የሚለጥፉ ኩባንያዎች ናቸው። ከውስጥ ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ፣ ሀርድ ዲስኩ የሲጌት ወይም የዌስተርን ዲጂታል፣ ራሙ የሳምሰንግ ወይም የሃይኒክስ ሊሆን ይችላል። ያውም አዲስ ሳለ ነው። ከዓመታት በኋላ አንዱ ባለቤት ዲስኩን ቀይሮታል፤ ሌላው ግማሹን ራም ነቅሎ ለወንድሙ ሰጥቶታል፤ ያመጣው ነጋዴም ከሁለት የተበላሹ አንድ የሚሠራ አውጥቶ ይሆናል። ስለዚህ «ይሄ ኮምፒውተር ስንት ዓመቱ ነው?» የሚለኝን ሰው «የትኛው ክፍሉ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ዕድሜ አለው። ሌሎቹ ምን መሆን እንደሚችሉ የሚወስነው ግን አንዱ ብቻ ነው፤ ማዘርቦርዱ። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እሱን እወቁት የምለው ለዚህ ነው።

በቅርቡ የሰፈራችን ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ኮምፒውተራቸውን ከነአዲሱ ራም ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ራሙን ገዝቼዋለሁ፤ አንተ መሰካት ብቻ ነው» አሉኝ።

«እትዬ፣ ይሄ እዚህ አይገባም።»

«እንዴት አይገባም? ለእህቴ ልጅ ኮምፒውተር የተገዛው ዓይነት ነው። የእሱም ዴል ኦፕቲፕሌክስ ነው፤ ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው መንታ ናቸው!»

መንታ መምሰላቸውስ ልክ ነው። የእህታቸው ልጅ ኮምፒውተር ኦፕቲፕሌክስ 760 ነው፤ የእሳቸው 780። ከውጭ ላያቸው ሰው እጅግ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ኮር 2 ዱዎ ፕሮሰሰር ይይዛሉ። ቦርዳቸው ግን ይለያያል። የ760 ቦርድ ዲዲአር2 ራም ሲቀበል የ780 ቦርድ የሚቀበለው ዲዲአር3 ነው። እትዬ የከፈሉት ገንዘብ የወደቀው በ60 እና በ80 መካከል ነው።

ሳይከፍቱ መጠየቅ

ኮምፒውተሩ የሚነሳ ከሆነ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ራሱን ጠይቁት። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከአር ጋር ተጫኑ። በምትከፈተው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ኤም፣ ኤስ፣ አይ፣ ኤን፣ ኤፍ፣ ኦ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት አስከትላችሁ 32 ጻፉና ኢንተር በሉ። የሚመጣው ገጽ የኮምፒውተሩን ሞዴል፣ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም፣ የራሙን መጠንና የባዮሱን፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ ቀን ይዘረዝራል። ቤዝቦርድ የሚለው መስመር ስለ ማዘርቦርዱ ነው። የባዮሱን ቀን ግን የልደት ቀን አድርጋችሁ አትውሰዱት። የፕሮግራሙ እትም ቀን ስለሆነ አንድ ሰው ባዮሱን አድሶት ከነበረ ቦርዱን ከዕድሜው በታች ወጣት ያደርገዋል።

የራም ቀዳዳዎቹ ስንት እንደሆኑና ስንቱ እንደተያዙ ለማወቅ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። በዊንዶውስ 10 የሚከፈተው ታስክ ማናጀር ፐርፎርማንስ በሚለው ገጹ ሜሞሪ ሥር ይነግራችኋል።

ልትገዙት ያሰባችሁት ኮምፒውተር ከሆነ ግን ዊንዶውስ የሚለውን ብቻ አትመኑ። በሲስተም ገጽ ላይ የምታዩት የፕሮሰሰር ስም ዊንዶውስ መዝገቡ ውስጥ ያስቀመጠው ጽሑፍ ነው፤ የሚያውቅበት ሰው ይለውጠዋል። ከፊት የሚለጠፈው ስቲከርማ ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ ነው። እኔ ሲፒዩ-ዜድ የምትባለውን ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዤ እዞራለሁ። እሷ ከመዝገብ አታነብም፤ ፕሮሰሰሩን በቀጥታ ጠይቃ መልሱን ታሳያለች። ኤስፒዲ በሚለው ገጿ ደግሞ ራሙን ታነባለች። እያንዳንዱ ራም ዓይነቱን፣ ፍጥነቱንና አምራቹን፣ ብዙ ጊዜም የተመረተበትን ሳምንት የያዘች አንዲት ትንሽ ቺፕ አለችው።

አይ7 ሁሉ አይ7 አይደለም

ገበያ ላይ ሰውን በብዛት የሚያታልለው የፕሮሰሰር ስም ነው። አይ3፣ አይ5፣ አይ7 የሚለው ደረጃ ነው፤ ዘመኑን የሚናገረው ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። ኮር አይ5-2400 በ2 ስለሚጀምር ሁለተኛ ጄኔሬሽን ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደዚያው ናቸው)። አይ5-3470 ሦስተኛ ጄኔሬሽን፣ የ2012፤ አይ3-4130 አራተኛ፣ የ2013። ቁጥሩ አምስት አኃዝ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አንብቡ፤ አይ5-10400 አሥረኛ ጄኔሬሽን ነው። እንደ አይ7-920 ሦስት አኃዝ ብቻ ከሆነ የመጀመሪያው ነው።

መጨረሻ ላይ ያለችውን ፊደልም አትዝለሏት። ዩ ማለት ለላፕቶፕ የተሠራ፣ ኃይል ቆጣቢ ማለት ነው። አይ7-4600ዩ ያለው ላፕቶፕ ሁለት ኮር ብቻ አለው፤ በዚያው ዘመን የወጣው የዴስክቶፑ አይ5-4570 አራት። «አይ7 ነው» ተብሎ ዋጋ የሚጨመርበት ላፕቶፕ በከባድ ሥራ ከአይ5 ዴስክቶፕ ሊያንስ የሚችለው በዚህ ነው።

ጄኔሬሽኑን ማወቅ ዛሬ ሌላም ጥቅም አለው። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በኩል፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ስምንተኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ሻጩ «ዊንዶውስ 11 ጭኜልሃለሁ» ሲላችሁ ቁጥሩን ተመልከቱ። አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ጄኔሬሽን ላይ ከተጫነ ፍተሻውን አልፎ በማስገደድ ነው፤ ወደፊት ለሚመጣው ማሻሻያ ዋስትና የለውም።

ክዳኑን ሲከፍቱ

መጀመሪያ ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰኮንዶች ተጭናችሁ ውስጥ የቀረውን ኃይል አስጨርሱ። ክፍሎቹን ከመንካታችሁ በፊት የሳጥኑን ባዶ ብረት ንኩ፤ ከሰውነታችን የሚዘለው ኤሌክትሪክ እኛ ሳይሰማን ቺፕ ሊገድል ይችላል። ፓወር ሰፕላዩን ግን በፍጹም አትክፈቱት። ተነቅሎም አደገኛ ኃይል ይዞ ይቆያል።

ከአሜሪካ በዘመድ ወይም በእርዳታ የመጣ ኮምፒውተር ከሆነ ፓወር ሰፕላዩን ከኋላ እዩት። አንዳንዱ 115 እና 230 የተጻፈበት ትንሽ ቀይ ማዞሪያ አለው። 115 ላይ እንደቆመ ከኛ 220 ቮልት ጋር ካገናኛችሁት ጧ ይልና ያበቃል። ማዞሪያው ከሌለና በስቲከሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈ ራሱን ያስተካክላል።

አሁን ቦርዱን እዩ። የሞዴሉ ስም አብዛኛውን ጊዜ በቦርዱ ላይ ታትሟል፤ በካርድ ማስገቢያዎቹ መካከል ወይም በፕሮሰሰሩ አጠገብ ፈልጉት። እንደ ኤች61 ወይም ቢ75 ያለ ምልክት ካገኛችሁ የቺፕሴቱ ስም ነው፤ የቦርዱን ዘመን ከነሱ ታውቃላችሁ። ዴልና ኤችፒ ግን ብዙ ጊዜ የራሳቸውን የዕቃ ቁጥር ብቻ ያትማሉ። እነሱን በሳጥኑ ሞዴል መለየት ይቀላል። ዴል ላይ ሰርቪስ ታግ የሚባል ሰባት ፊደልና ቁጥር አለ። በኩባንያው ድረ ገጽ ብታስገቡት ኮምፒውተሩ መቼ እንደተላከና ያኔ ምን እንደነበረው ታያላችሁ። «ያኔ» የምትለዋን ቃል አጥብቁልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ማን ምን እንደቀየረ ሰርቪስ ታጉ አያውቅም።

ከቦርዱ ክፍሎች ሁሉ ወሳኙ የፕሮሰሰሩ መቀመጫ ነው። የኢንቴል መቀመጫዎች የሚጠሩት በመገናኛ ነጥቦቻቸው ብዛት ነው። ኤልጂኤ775 ሰባት መቶ ሰባ አምስት ነጥብ አለው፤ የኋለኞቹ ፔንቲየም 4፣ ኮር 2 ዱዎና ኮር 2 ኳድ የሚቀመጡት እዚያ ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ጄኔሬሽን 1155 ላይ፣ አራተኛው 1150 ላይ ይቀመጣል። 1156 የሚባልም አለ፤ የመጀመሪያው ጄኔሬሽን ነው። ከ1155 የሚለየው በአንድ ነጥብ ቢሆንም አንዱ በሌላው ላይ አይገባም። እትዬም «ወደ አይ5 አሳድግልኝ» ብለውኝ ነበር። የእሳቸው ቦርድ 775 ነው። ኮር 2 ኳድ ሊሸከም ይችላል፤ አይ5 ግን የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። ቦርዱ ይቀየር ከተባለ ፕሮሰሰሩም አብሮ ሊቀየር ነው፤ ያኔ ሌላ ያገለገለ ኮምፒውተር መግዛት ይረክሳል።

እዚያው እያላችሁ ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ ቆመው የምታዩአቸው ትንንሽ በርሜሎች፣ ካፓሲተሮቹ፣ አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ካበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ካዘራ ቦርዱ በጊዜው እያለቀ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩ የብዙ አምራቾች ቦርዶች ላይ ይህ በሽታ ተስፋፍቶ ነበር። ሁለተኛ፣ ሳንቲም የምታህለው ባትሪ። ሲአር2032 ትባላለች፤ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 3 ቮልት። እሷ ስትሞት ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። ቀኑ ሲሳሳት ድረ ገጾች «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ ይዘጋሉ። ባለቤቱ ቫይረስ ነው ብሎ ፎርማት ያስደርጋል፤ ችግሩ የባትሪ ሆኖ ሳለ።

የራም ሂሳብ

በአሮጌ ዴስክቶፕ ውስጥ የምታገኟቸው አራት የራም ዘመኖች ዲዲአር፣ ዲዲአር2፣ ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 ናቸው። ወርቃማዎቹ ጥርሶች በሁለቱም ጎን ሲቆጠሩ ዲዲአር 184፣ ዲዲአር4 288 ነው። ዲዲአር2 እና ዲዲአር3 ግን ሁለቱም 240 ናቸው፤ ርዝመታቸውም እኩል ነው። የሚለያቸው ከታች ጠርዛቸው ላይ የተቆረጠችው ክፍተት ያለችበት ቦታ ነው። ያቺ ክፍተት እዚያ የተቀመጠችው ሆን ተብሎ ነው፤ ዲዲአር2 የሚሠራው በ1.8 ቮልት፣ ዲዲአር3 በ1.5 ቮልት ነውና። አልገባ ካለ አትግፉት። ቀዳዳው እምቢ ሲል ምክንያት አለው።

ስቲከሩ ላይ ፒሲ3-12800 የሚል ዓይነት ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ከፒሲ ቀጥሎ ያለው 3 ዲዲአር3 ማለት ነው። ትልቁን ቁጥር ለ8 አካፍሉት፤ 1600 ይመጣል፤ ፍጥነቱ እሱ ነው። ፒሲ2-6400 እንዲሁ ዲዲአር2 ባለ 800 ይሆናል። ለ8 የሚካፈለው ራሙ በአንድ ጊዜ ስምንት ባይት ስለሚያስተላልፍ ነው።

ለእትዬ ዲዲአር3 ማግኘት ብቻውን አልበቃም። የ775 ዘመን ቺፕሴቶች እያንዳንዷ ቺፕ 4 ጊጋ ቢት የምትይዝበትን ራም አያውቁም። ስለዚህ ባለ 4 ጊጋ ባይት ራም ሲገዛላቸው 2አርኤክስ8 የሚል የተጻፈበትን፣ በሁለት ጎኑ 16 ጥቋቁር ቺፕ ያለውን መረጥኩ። 1አርኤክስ8 የሚለው ስምንት ቺፕ ያለው አዲሱ ዓይነት ክፍተቱም ይገጥማል፣ ቀዳዳው ውስጥም ይገባል፤ ኮምፒውተሩ ግን አይነሳም። ሰው ያኔ «ቦርዱ ተቃጠለ» ይላል።

ሌላም ወጥመድ አለ። የተጫነው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ከሆነ 8 ጊጋ ብታስገቡም ከ4 በላይ አይጠቀምም። ሳትከፍቱ ስትጠይቁ መጀመሪያ ያያችሁት የመረጃ ገጽ ላይ ኤክስ86 የሚል ካያችሁ 32 ቢት፣ ኤክስ64 ካያችሁ 64 ቢት ነው። አሮጌ ራም ድንገት አልታይ ካለ ደግሞ ከመጣላችሁ በፊት ጥርሶቹን በላጲስ ቀስ ብላችሁ አጽዱ። የአዲስ አበባ አቧራ ከብልሽት ይልቅ ራም ያስጥላል።

የዲስኩ ሰዓት

«500 ጊጋ ብለው ሸጡልኝ፣ 465 ሆኖ አገኘሁት» የሚል ክስ በየጊዜው እሰማለሁ። እዚህ ላይ ሻጩ አላጭበረበረም። የዲስክ አምራቾች አንድ ጊጋ ባይትን አንድ ቢሊዮን ባይት ብለው ይቆጥራሉ፤ ዊንዶውስ ግን በ1024 እያባዛ ነው የሚቆጥረው። መጠኑ አንድ ነው፤ የተለያየው አቆጣጠሩ ነው።

ከመጠኑ ይልቅ የሠራበትን ሰዓት ጠይቁ። ዲስኩ ራሱ መዝግቦ ይይዘዋል፤ ክሪስታልዲስክኢንፎ የምትባለው ነጻ ፕሮግራም ታሳያችኋለች። ሌሊትና ቀን ሳይጠፋ አንድ ዓመት የቆየ ዲስክ 8760 ሰዓት ይቆጥራል። 40 ሺህ ያለፈ ካያችሁ ዋጋውን ዝቅ አድርጉ። በላዩ ላይ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ካለ፣ ማለትም የተበላሹ ቦታዎቹን ትቶ ወደ መጠባበቂያው መዛወር ከጀመረ፣ ፋይላችሁን ዛሬውኑ ገልብጡ።

ለአሮጌ ኮምፒውተር ከሁሉ በላይ የሚሰማው ለውጥ ኤስኤስዲ ነው። ሰባት መገናኛ ያለው ቀጭን የሳታ ገመድ ካያችሁ ይቻላል። 40 ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ሰፊ ገመድ ብቻ ካለው አይዲኢ ነው፤ እዚያ ላይ ገንዘብ ማውጣት አልመክርም።

ስም የሌለው ዕቃ

ፎርማት ከተደረገ በኋላ ድምፅ ወይም ኔትወርክ እምቢ ሲል ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ያለበት «ያልታወቀ ዕቃ» ይቀመጣል። ዊንዶውስ ባያውቀውም ዕቃው ማንነቱን ይናገራል። በቀኝ ማውስ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ፣ ከዝርዝሩም ሀርድዌር አይዲስ የሚለውን ምረጡ። ቬን የሚለውን ተከትሎ አራት፣ ዴቭ የሚለውን ተከትሎም አራት አኃዝና ፊደል ታያላችሁ። ልክ እንደ መኪና ታርጋ ነው፤ የፊተኛው ከየት እንደመጣ፣ የኋለኛው የትኛው እንደሆነ ይናገራል። 8086 ካያችሁ ኢንቴል ነው፤ ኩባንያው በ1978 ያወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰር ቁጥር ነው። 10ዲኢ ኤንቪዲያ፣ 1002 ኤቲአይን የገዛው ኤኤምዲ፣ 10ኢሲ ሪያልቴክ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎግል ላይ ጻፉና የዕቃውን ትክክለኛ ስም አግኙ፤ ድራይቨሩን ግን ከአምራቹ ገጽ አውርዱ። «ሁሉንም ድራይቨር አገኝልሃለሁ» የሚሉ ፕሮግራሞች የማይፈለግ ነገር ጭነው ሲሄዱ ብዙ አይቻለሁ።

ለገዢ የሚሆን አምስት መስመር

የእትዬ ኮምፒውተር በትክክለኛው ራምና በአንድ ኤስኤስዲ ተመልሶ ሥራ ገብቷል። በፓወር ግዕዝ ፕሮግራም አማርኛ ይጻፍበታል፣ ይታተምበታል። ድጋፍ የተቋረጠ ዊንዶውስ ላይ ስለሆነ ግን «የባንክ ነገር እዚህ ላይ እንዳይከፍቱ፤ የደንበኛ ፍላሽም ሳይፈተሽ አይሰካ» ብያቸዋለሁ። ማንነቱ ከታወቀ ሥራውንም መመደብ ቀላል ነው።

እናንተም አሮጌ ኮምፒውተር ስትገዙ ወይም ስታስጠግኑ አምስት መስመር ጻፉ፤ የቦርዱ ወይም የሳጥኑ ሞዴል፣ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ቁጥር፣ የራሙ ዓይነትና ባዶ ቀዳዳው፣ የዲስኩ ዓይነትና ሰዓቱ፣ የፓወር ሰፕላዩ ቮልት። ሻጩ መልስ ከሌለው አብርቶ ያሳያችሁ፤ ማብራት ካልፈለገ ሌላ ሱቅ አለ። ወረቀቱን በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ለጥፉትና ክፍል በተቀየረ ቁጥር አርሙት። እኔ ለምርመራ የማስከፍለው ገንዘብ ይቀርብኛል፤ ይቅርብኝ።